የአክሲዮን ደብዳቤ ሲመጣ ምን እንጠይቅ?

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከመካከላችን የባንክ፣ የኢንሹራንስ ወይም የሌላ ኩባንያ አክሲዮን ያላችሁ ጥቂት አይደላችሁም። አንዳንዱ ከቁጠባ፣ አንዳንዱ እቁብ ሲደርስ፣ አንዳንዱ ዓረብ አገር ያለች ልጅ በላከችው ገንዘብ የተገዛ ነው። ወረቀቱም ከቤት ካርታው ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። በየጊዜው ግን ከኩባንያው ደብዳቤ ይመጣል፤ ካፒታል ለማሳደግ ስለተወሰነ ባላችሁ አክሲዮን መጠን አዲስ አክሲዮን እስከዚህ ቀን ግዙ ይላል። ብዙዎቻችን «ያለኝ ይበቃኛል» ብለን እንተወዋለን። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ያ ዝምታ መቼ ገንዘብ እንደሚያስከፍል፣ መቼ ደግሞ ትክክል እንደሆነ ነው።

እንዲህ ያሉ ጥሪዎች እንዲበዙ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የታወቀ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የአንድ ባንክ ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ብር ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያድግ አዘዘ፤ ለነባር ባንኮችም እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ጊዜ ሰጠ። ባንኮቹ ይህን ለመሙላት ወይ ትርፋቸውን ወደ ካፒታል ማዞር፣ ወይ አዲስ አክሲዮን መሸጥ ነበረባቸው።

አዲስ አክሲዮን ሲሸጥ የእናንተ አክሲዮን ቁጥር አይቀንስም። 100 ከነበራችሁ 100 ነው። የሚቀንሰው ከጠቅላላው ውስጥ የያዛችሁት ድርሻ ነው። ያልታሰበ እንግዳ ሲመጣ ወጡ ላይ ውሃ እንጨምራለን፤ ጭልፋው ያው ነው፣ ወጡ ግን ቀጠነ። እንግዳው ሽንኩርቱንና ዘይቱን ይዞ ከመጣ ግን ወጡ ሳይቀጥን ይበዛል። ስለዚህ ጥያቄው «አዲስ ሰው ገባ ወይ?» ሳይሆን «ምን ይዞ ገባ?» ነው።

በቁጥር እንየው። አሥር ሴቶች የእንጀራ መጋገሪያ አቋቋሙ እንበል። እያንዳንዷ በ1,000 ብር ሒሳብ 100 አክሲዮን ገዛች። ጠቅላላው 1,000 አክሲዮን፣ ካፒታሉ 1 ሚሊዮን ብር ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ንብረቱ ተቆጥሮ፣ ዕዳው ተቀንሶ፣ የተጣራ ሀብቱ 2 ሚሊዮን ብር ሆነ። ወረቀቱ ላይ 1,000 ብር የሚለው አክሲዮን አሁን 2,000 ብር ያወጣል ማለት ነው። የአንዷ ሴት ድርሻ 10 በመቶ፣ ዋጋው 200,000 ብር ነው።

አሁን ለማሽን 1 ሚሊዮን ብር አስፈለገ። አዲሱ አክሲዮን ወረቀቱ ላይ ባለው ዋጋ፣ በ1,000 ብር፣ ቢሸጥ 1,000 አዲስ አክሲዮን ይወጣል። ሀብቱ 3 ሚሊዮን፣ አክሲዮኑ 2,000 ይሆናል፤ የአንዱ ዋጋ 1,500 ብር ነው። ያልገዛችው ሴት ድርሻ ከ10 ወደ 5 በመቶ ወረደ፤ የነበራት 200,000 ብርም 150,000 ሆነ። 50,000 ብሩን ማንም አልሰረቃትም፤ በርካሽ ለገዙት ተሻገረ። 100 አዲስ አክሲዮን በ100,000 ብር ብትገዛ ኖሮ ግን 200 አክሲዮን፣ የ300,000 ብር ዋጋ ይኖራት ነበር። የነበራትና የጨመረችው ሳይጎድል ማለት ነው።

ያው ገንዘብ በ2,000 ብር ሒሳብ ቢሰበሰብስ? የሚወጣው 500 አክሲዮን ብቻ ነው፤ የአንዱ ዋጋ 2,000 ብር እንደሆነ ይቆያል። ያልገዛችው ሴት የድምፅ ድርሻ ወደ 6.7 በመቶ ቢወርድም 200,000 ብሯ አልተነካም። ከተጻፈው ዋጋ በላይ የሚከፈለው ይህ ተጨማሪ ገንዘብ ፕሪሚየም የሚባለው ነው፤ ነባሩን ባለአክሲዮን የሚጠብቀውም እሱ ነው። አዲሱ አክሲዮን ከእውነተኛ ዋጋው በላይ ከተሸጠ ደግሞ የሚጎዳው ገዢው ነው፤ ያን ጊዜ አለመግዛት ብልህነት ነው።

ታዲያ ዋጋውን በምን እናውቃለን? አንደኛው መንገድ አሁን ያየነው ነው፤ ኦዲት የተደረገውን የሒሳብ መግለጫ ወስዶ የተጣራውን ሀብት ለአክሲዮን ብዛት ማካፈል። ሁለተኛው ትርፉን ማየት ነው። መጋገሪያው በዓመት 300,000 ብር ቢያተርፍ የ10 በመቶ ባለቤቷ ድርሻ 30,000 ነው። ድርሻዋ 5 በመቶ ሲሆን ያንኑ 30,000 ለማግኘት ትርፉ 600,000 መድረስ አለበት። አዲሱ ማሽን ትርፉን እጥፍ ያደርገዋል ወይ? ጉባኤ ላይ እጅ አውጥቶ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ሦስተኛው የገበያ ዋጋ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ቢመረቅም፣ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ገና እዚያ ስላልተመዘገቡ ስሌቱን ራሳችን መሥራት አለብን።

የአንድ አክሲዮን ዋጋ ብቻውን ርካሽ ወይም ውድ አይባልም። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሽያጭ አቀረበ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። «300 ብር ምን አላት» ማለት ይቀላል። ነገር ግን አንድ አሥረኛው 30 ቢሊዮን ከሆነ ሙሉው 300 ቢሊዮን ብር ተገምቷል ማለት ነው። የገዢ ጥያቄ መሆን ያለበት «ኩባንያው በሙሉ 300 ቢሊዮን ብር ያወጣል ወይ?» የሚለው ነው።

አንድ ነገር አትርሱ። ኩባንያው የትርፍ ድርሻችሁን በጥሬ ገንዘብ ሳይሰጥ ለሁሉም በእኩል ስሌት ወደ አክሲዮን ከቀየረው ድርሻችሁ አይቀጥንም። ቁጥሩ ስለበዛ ግን ሀብታም ሆንኩ አትበሉ፤ ያው ዳቦ በትንንሹ ተቆርሶ ነው።

ሕጉ በባዶ እጃችን አልተወንም። የንግድ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አዲስ አክሲዮን ሲወጣ ነባር ባለአክሲዮኖች በድርሻቸው ልክ ቅድሚያ የመግዛት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አክሲዮንም ከተጻፈበት ዋጋ በታች አይሸጥም። መብቱ ግን የጊዜ ገደብ አለው፤ ቀኑ ካለፈ አክሲዮኑ ለሌላ ይሸጣል። የጉባኤ ውክልና ስትፈርሙም አጀንዳውን ሳታነቡ አትፈርሙ፤ የካፒታል ማሳደግ ውሳኔ የሚተላለፈው እዚያ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤው ሲመጣ አራት ነገር ጠይቁ፤ አዲሱ አክሲዮን በስንት ይሸጣል? የነባሩ እውነተኛ ዋጋ ስንት ነው? ገንዘቡ ለምን ይውላል? የመጨረሻው ቀን መቼ ነው? መልሱን ብቻችሁን መፈለግ ካስቸገራችሁ ወረቀቱንና የሒሳብ መግለጫውን ይዛችሁ ወደ ስብሰባችን ኑ፤ አብረን እናሰላዋለን። ለኮሚቴውም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ መግዛቱ እንደሚያዋጣት በስሌት ለታየና ገንዘብ ላጠራት አባል፣ ቀኑ ሳያልፍ ከቁጠባችን አጭር ብድር የምታገኝበትን ደንብ በሚቀጥለው ስብሰባ እንወያይበት። ወለዱም በስሌቱ ውስጥ ይግባ።