ማሃራጃ ማን ነው?

«ማሃራጃ» በሳንስክሪት «ታላቅ ንጉሥ» ማለት ነው፤ ባለቤቱ ማሃራኒ ትባላለች። ሙስሊም ገዢዎች ግን በአብዛኛው ናዋብ ይባሉ ነበር፤ የሃይደራባዱ ደግሞ ኒዛም።

እንግሊዝ ህንድን በምትገዛበት ዘመን ማዕረጉ ብቻውን የክብር ልክ አልነበረም። ክብር የሚለካው በመድፍ ነበር፦ ለአንዱ ገዢ 9 ጊዜ ሲተኮስ፣ ለማይሶርና ለባሮዳ ማሃራጃዎች 21 ጊዜ ይተኮስ ነበር። ታላቅ ንጉሥ ተብሎ በባዕድ መድፍ መመዘን ለእኔ መራራ ክብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ዴልሂ ላይ የባሮዳው ማሃራጃ ሳያጂራኦ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ 5ኛ አንዴ ብቻ እጅ ነስቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ፤ እንግሊዞችም በቁጣ ጦፉ።

ህንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ለማዕረጉ የምትሰጠውን ዕውቅናም ለመሳፍንቱ የምትከፍለውን ድጎማም አቋረጠች። በጃይፑር ግን ዛሬም የቀድሞውን ቤተሰብ ወራሽ ማሃራጃ ብለው የሚጠሩት አሉ።