ስለ ልጆቻችን የቤት ቋንቋና ትምህርት ቤቱ ስላቀረበልን ጥያቄ

(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰሙት ንግግር)



የጥበቃው መዋጮ ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ ይደርሳል። ዛሬ የምንነግራችሁ ርእሰ መምህሩና ምክትላቸው ኮሚቴያችንን ጠርተው ስላነጋገሩን ነገር ነው።

ሰፈራችንን ሽሮ ሜዳን ታውቁታላችሁ። ሸማኔው ከዶርዜና ከጨንቻ መጥቶ እዚህ ወልዷል፤ ከእንጦጦ ማዶ ከሱሉልታ የመጣውም አለ፤ ጉራጌውም አለ። ልጁ እቤት ማግ እያጠነጠነ የሚሰማው ጋሞኛ ነው። አንደኛ ክፍል ሲገባ ግን ትምህርቱ በአማርኛ ነው።

አንድ ልጅ ጠጠር ቁጠር ቢባል ዝም አለ። «ቁጥር አያውቅም» ተብሎ ተጻፈበትና ከኋላ ተቀመጠ። በኋላ የግቢው ዘበኛ በአፋን ኦሮሞ ቢጠይቁት ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያለ ሃያ አደረሰው። ርእሰ መምህሩ ይህን ከሰሙ በኋላ ደካማ የተባሉትን ልጆች ሁሉ እንደገና በየቋንቋቸው ማስጠየቅ ጀመሩ።

ሌላም አለ። አንዲት ልጅ መምህሯን «አንተ» አለቻት። ባለጌ ተብላ አባቷ ተጠራ፤ እሱም እቤት ወስዶ ገረፋት። ለካ በአፋን ኦሮሞ «አቲ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ልጅቷ መሳደቧ አልነበረም። እኛም ያኔ «ደግ አደረገ» ብለን ነበር። አሁን ስናስበው እናፍራለን።

አሁን ትምህርት ቤቱ አዲስ ገቢውን ሁለቱንም ቋንቋ ከሚችል ልጅ አጠገብ ያስቀምጣል። ልጆቹ ነገሩን መጀመሪያ በቋንቋቸው ተነጋግረው ከዚያ በአማርኛ ይመልሳሉ። በእረፍት ሰዓት በቤቱ ቋንቋ ተናገርህ ተብሎ የሚቀጣ የለም።

«እኔ ልጄን የላክሁት አማርኛ እንዲለምድ ነው፤ ጋሞኛውን ከእኔ ያገኘዋል» ያሉ ወላጆች አሉ። ስጋታቸው ይገባናል። የአማርኛው ትምህርት ግን አልተቀነሰም። ይልቅስ አንዳንዶቻችን እቤት በተሰባበረ አማርኛ ልጆቻችንን ማናገር ይዘናል። ርእሰ መምህሩ ይህንን ተዉ ብለዋል፤ ተረቱንም ምክሩንም በደንብ በምታውቁት ቋንቋ ንገሯቸው፣ ነገር የገባው ልጅ አማርኛውን ቶሎ ይይዘዋል ነው የሚሉት።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ይል ነበር። እንደኛ ባለ ድብልቅ ሰፈር ግን አንዲት መምህርት በአንድ ክፍል ሦስት ቋንቋ ከየት ታምጣ? እውነቱን እንናገር ከተባለ ርእሰ መምህሩም ለአስተርጓሚ የሚከፍሉት በጀት የላቸውም። እኛን የጠሩን ለዚሁ ነው።

የተጠየቅነው በምዝገባ ቀኖችና በወላጆች ስብሰባ የሚያስተረጉሙ ሰዎች እንድናቀርብ ነው፤ ጋሞኛ፣ አፋን ኦሮሞና ጉራጊኛ የሚችሉ። እናቶች ቢሆኑ ይመረጣል፤ ሕፃናቱ ወንድ ሲጠይቃቸው ይፈራሉ። ሸማኔዎቻችን ለጥምቀት ሥራ በሚበዛባቸው ሳምንታት ስብሰባ እንዳይጠራ አሳስበናል፤ እሺ ተብለናል፤ ስብሰባውም እሑድ ከሰዓት ይሆናል።

ፈቃደኛ የሆናችሁ እስከ ዓርብ ድረስ ጸሐፊው ዘንድ መጥታችሁ ስማችሁንና የምትችሉትን ቋንቋ አስመዝግቡ። ጽሕፈት ለማትችሉ እኛ እንጽፍላችኋለን።