ስለ «እንጨት መድኃኒት» በካርቲየ 2 ለወደብ ሠራተኞችና ለነዋሪዎች የተሰጠ ንግግር



በአማርኛ ቋንቋ መድኃኒት የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። በሽተኛን የሚያድነው ክኒን መድኃኒት ነው፤ ትኋን የሚገድለውም፣ አይጥ የሚፈጀውም፣ ምስጥ የሚከለክለውም እንዲሁ መድኃኒት ይባላል። በወደብ በርሜል የሚያወርደው ሠራተኛ ምን እንደ ተሸከመ ቢጠየቅ «የእንጨት መድኃኒት» ብሎ ይመልሳል፤ ጠያቂውም በዚሁ ረክቶ ያልፋል። በዚህ ስም ከሚጠሩት ዕቃዎች አንዱ ግን ከሦስት ኦክሳይዶች የተቀመመ ብርቱ መርዝ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከብሪታንያ ወደ ኢትዮጵያ የተላከ የዚህ መድኃኒት ጭነት በጅቡቲ ወደብ ከፕላስቲክ ዕቃው አፈትልኮ ፈሰሰ። ኢትዮጵያ ከ1998 ጀምሮ አብዛኛውን የባሕር ንግዷን ወደ ጅቡቲ ስላዞረች፣ ለምሰሶ ማቆያ የታዘዘው ዕቃ የሚያልፈው በዚሁ በር ነበር። ፈሳሹ ከኮንቴይነሩ አልፎ መሬቱን አራሰ፤ ማጽዳቱም የአንድ ሰሞን ሥራ አልሆነም። መድኃኒቱ የተሠራው በአውሮፓ ነው፤ ምሰሶው የሚቆመው በደጋው አገር ነው፤ በመካከል በእግሩ የሚረግጠው ግን የወደቡ ሰው ነው።

ማዕድን ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ የሚገኘው ነገር ኦክሳይድ ይባላል። የብረት ዝገትም ከዚሁ ወገን ሲሆን እንደ እነዚህ አይፈራም። የእንጨቱ መድኃኒት ሙሉ ስሙ ክሮሜትድ ኮፐር አርሴኔት፣ በአጭሩ ሲ.ሲ.ኤ. ነው። በብዛት የሚሠራበት ዓይነት በኦክሳይድ ሲቈጠር ከመቶው 47.5 እጅ ክሮሚየም፣ 34 እጅ አርሴኒክ፣ 18.5 እጅ መዳብ ነው። በ1933 ይህን ያገኘው ሶንቲ ካሜሳን የተባለ የሕንድ ሊቅ ነበር። መዳቡ ሻጋታን፣ አርሴኒኩ ምስጥን ይከላከላል፤ ክሮሚየሙ ሁለቱን ከእንጨቱ ጋር ያጣብቃል። ያልታከመ ባሕር ዛፍ በመሬት ውስጥ ብዙ ስለማይቆይ ጥቅሙ አይካድም። ሆኖም አሜሪካ በ2003 መጨረሻ፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2004 ለመኖሪያ ቤት እንጨት እንዳይውል አድርገዋል።

ፈሳሹ በሚፈስበት ሰዓት ሁሉም ይሸሸዋል፤ ጭንቁ ከደረቀ በኋላ ነው። በዚህ ከተማ ሙቀት እርጥቡ ቶሎ ይደርቅና ትቢያ ይሆናል፤ የካምሲን ነፋስም ትቢያውን ወደ ፈለገው ይወስደዋል። አርሴኒክ በትቢያ ውስጥ ሽታም ጣዕምም አይሰጥምና አፍንጫና ምላስ አያስጠነቅቁም። የክሮሚየሙ ኦክሳይድ ቆዳን ያቈስላል፤ ለብዙ ጊዜ የሚተነፍሰውን ሰው የአፍንጫ አጥር እስከ መብሳት ይደርሳል። አርሴኒክ በጥቂት በጥቂቱ ሲገባ ቆዳን ያጠቍራል፣ መዳፍንና ውስጥ እግርን ያደድራል፣ እጅና እግርን ያደነዝዛል። ሁለቱም የካንሰር ምክንያት መሆናቸው ተረጋግጧል።

ስለዚህ የፈሰሰበትን ስፍራ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ወይም በአየር ግፊት ማራገፍ አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ወይም በአሸዋ ሰብስቦ ምልክት ባለው ዕቃ መክደን ይገባል። በአፍንጫ ላይ የሚጠመጠም ሻሽ ደቃቁን ትቢያ አያግደውም፤ ማጣሪያ ያለው መሸፈኛ ያስፈልጋል። ጓንቱም የጎማ ይሁን፤ ቆዳ መርዙን መጦ ያስቀራል። እርግጥ ነው፣ በሐምሌ ቀትር የጎማ ልብስ ለብሶ መሥራት ከሰው አቅም በላይ ነው። ይህን የማያስብ አለቃ ሠራተኛውን ልብሱን እንዲያወልቅ ራሱ ያስገድደዋል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ገና ሳይነጋ ተጀምሮ በአጫጭር ተራ ሊሠራ ይገባል።

ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓት ብዙ ጊዜ ይረሳል። የወደብ ሰው ከቀትር በኋላ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ እየቀነጠሰ በጣቱ ወደ አፉ ያደርሳል። እጁ ካልታጠበ በየቅጠሉ ትቢያውን ይውጣል። ሲመሽም የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ ቤቱ ገብቶ ልጁን ያቅፋል፤ ባለቤቱም ልብሱን ከሕፃናቱ ልብስ ጋር ትዘፈዝፋለች። ካርቲየ 2ን በመሰለ፣ ቤቱ ጠባብ ሰውም ብዙ በሆነበት ሰፈር፣ ልብስ በሥራ ቦታ ወልቆ በሥራ ቦታ መታጠብ አለበት።

ውኃ በሚከማችበት ከተማ ባዶ በርሜል ዋጋ አለው። ነገር ግን የዚህ መድኃኒት በርሜል አሥር ጊዜ ቢታጠብ እንኳ ለመጠጥ ውኃ አይሆንም። የታከመ ምሰሶ ቍራጭም ለማገዶ አይውልም፤ ሲነድ አርሴኒኩ በጢሱና በአመዱ ውስጥ ይቀራል፣ የምታበስለውም ሴት ሁለቱን ትቀበላለች።

በዓይን ወይም በቆዳ ላይ የረጨ እንደ ሆነ ልብሱን አውልቆ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውኃ ማጠብ ነው። የዋጠውን ሰው እንዲያስመልስ ማስገደድ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋል። ወተት መርዝን ያበርዳል የሚለውም ልማድ ለአርሴኒክ አይሠራምና ሰዓት ከማባከን በቀር አይጠቅምም። በሽተኛው ፈጥኖ ወደ ፔልቲየ ሆስፒታል ይወሰድ፤ የአርሴኒክ ትውከትና ተቅማጥ ኮሌራ ስለሚመስል፣ በበርሜሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ወይም ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለሐኪሙ ይሰጥ።

ጽሑፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። አውራጁ የሚናገረው ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ ወይም አማርኛ ነው። የጭነቱ ሹም ማኒፌስቶውን ከዕቃው መድረስ በፊት ያነበዋልና፣ በርሜሉ ከመነካቱ አስቀድሞ ስሙንና ጠባዩን በአውራጆቹ ቋንቋ ቆሞ ሊነግራቸው፣ መድኃኒት የሚለውንም ቃል ትቶ መርዝ ብሎ ሊጠራው ይገባል።