በርን ሳይጎዱ በበር ላይ ዕቃ ስለ መስቀል

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተነሣነው ስለ ትልቅ ጉዳይ ለመናገር አይደለም፤ ስለ በር ነው። ይሁን እንጂ ባለፈው ክረምት በአንድ በር ምክንያት ሁለት ተማሪዎች ከተከራዩት ክፍል ሊወጡ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ለማስታረቅ የተቀመጥነው እኛ ስለ ነበርን ያየነውን እንንገራችሁ።

እንደሚታወቀው ከቦረና ገጠር ለትምህርት ወደ መካነ ሰላም የሚመጡ ልጆች አንዲት ጠባብ ክፍል በጋራ ተከራይተው ይኖራሉ። አልጋና የከሰል ምድጃ ከገባ በኋላ መቆሚያም የለ። መሬቱ እርጥብ ነው፤ ደብተሩ ይሻግታል፣ ስንቁን አይጥ ይቀድማቸዋል። የጭቃው ግድግዳ ደግሞ ምስማር አይዝም። ታዲያ ልጆቹ ምን ያድርጉ? በሩ ላይ ስድስት ምስማር መቱና ጋቢውንም፣ ቦርሳውንም፣ የስንቁን ከረጢትም እዚያው ሰቀሉ። የደረቀ ባሕር ዛፍ ደግሞ ጠርዙ ላይ ምስማር ሲመቱበት እንደ ማገዶ ነው የሚሰነጠቀው። ጣውላው ተሰነጠቀ፤ በሩ ዘመመ፤ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው አልገጥም አለ። ባለቤቲቱ በዚያችው ኪራይ የሚተዳደሩ እናት ናቸው። «ኧረ በማርያም ልጆቼ፣ ሌላ በር ከየት አባቴ ላምጣ?» ሲሉ ልጆቹም አለቀሱ። እኛም በማን እንፍረድ?

እንግዲህ መላው በሩን ከመብሳት ይልቅ ከአናቱ ላይ ማንጠልጠል ነው። ከሱቅ የሚገዛው ባለ ኪስ ማንጠልጠያ መልካም ነገር ነው፤ ግን መንጠቆው የተሠራው ለፋብሪካ በር ነው፤ አናጢዎቻችን የሚሠሩት በር አንዱ ይወፍራል፣ አንዱ ይሳሳል። ስለሆነም የበራችሁን ውፍረት ለክታችሁ ለበያጅ ስጡት፤ ቀጭን ጠፍጣፋ ብረት በዚያው ልክ ያጥፍላችሁ። መንጠቆው ከሰፋ ይወዛወዛል፣ ቀለሙንም ይፍቃል። ብረቱ እንጨቱን በሚነካበት በሁለቱም ጎን ያረጀ የብስክሌት ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ ቆርጣችሁ ለጥፉ። በአናቱ በኩል ግን አትለጥፉ፤ በሩ አይዘጋም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መንጠቆው በበሩ አናትና በመቃኑ መካከል ማለፊያ ክፍተት ይፈልጋል። በታኅሣሥ ለክታችሁ ክፍተት አለ ብትሉ፣ ሐምሌ ሲገባ እንጨቱ ውሃ ስቦ ያብጣል፤ ክፍተቱም ይጠፋል። በግድ ሲዘጉት መቃኑ ይላጣል፣ ማጠፊያውም ይነቀላል። ከተማችን 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ክረምቷን ለናንተ አንነግራችሁም። ስለዚህ ልኩ በክረምት ይወሰድ። ብረቱ ከመታጠፉ በፊት በበሩ አናት ላይ አጋድማችሁ በሩን ዝጉት፤ ሳይታገል ከተዘጋ ይበቃል።

ለኪሱ ገንዘብ ማውጣት የግድ አይደለም። የእህል ማዳበሪያ ታጥቦና ታጥፎ ሲሰፋ ስድስትና ስምንት ኪስ ይወጣዋል። የእርሻ ማዳበሪያ የነበረበትን ግን ለስንቅ እንዳትጠቀሙበት አደራ!

ክብደቱም ነገር አለው። ባልዲ ውሃ ወደ ደረት አስጠግተው ሲይዙትና እጅን ዘርግተው ሲይዙት አንድ አይደለም፤ በርም እንደዚሁ ነው። ከባዱ ዕቃ ወደ ማጠፊያው በኩል፣ ቀላሉ ወደ እጀታው በኩል ይሁን። እኛ ከአምስት ኪሎ በላይ ባይሰቀል እንላለን። የረጠበ በርኖስማ በጭራሽ! እሱ ብቻውን በር ያዘማል። የኪሱን ግርጌ በገመድ ወደ በሩ ሰብሰብ አድርጋችሁ እሰሩት፤ አለዚያ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እየተጋጨ ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

የላሜራ በር ያላችሁ፣ እባካችሁ አትብሱት። በቀዳዳው ዝናብ ይገባል፣ ዝገቱም ከዚያው ይጀምራል። ላሜራ ማግኔት ይይዛልና ለቁልፍና ለቀላል ነገር ማግኔት ይበቃል፤ አሉሚኒየም ግን አይዝም። የሚለጠፈው የፕላስቲክ መንጠቆ አቧራና እርጥበት ባለበት ቶሎ ይወድቃል፤ ሲነቀልም ቀለሙን ይዞ ይሄዳል።

ክፍተት ጨርሶ የሌለው በር ቢሆንስ? በሩን ተዉት። ኪሱን ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት በገመድ አውርዳችሁ፣ በሩ ሲከፈት በማይነካው ማዕዘን አንጠልጥሉት። አባቶቻችን በባላ ይሰቅሉ የነበረው ለዚሁ ነበር።

የዚያ የተሰነጠቀው በር ነገር፣ አናጢ ጎረቤታችን ከኋላው አግዳሚ ጣውላ መትቶበት አሁን ይቆለፋል። የእንጨቱን ዋጋ ልጆቹና ባለቤቲቱ እኩል ከፈሉ። ልጆቹም እዚያው ናቸው፤ ማዳበሪያውን የሰፉላቸው እኚያው እናት ናቸው። ለሙከራ ያሠራናቸው ሁለት መንጠቆዎች በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛሉ፤ ቅርጹን ለበያጅ ለማሳየት የሚፈልግ ወስዶ ይመልስ።