ማን ሰጠ? ማን ተቀበለ?
ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላትን ለልጆች ስለ ማስተማር የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። አንደኛው «ሌንድ» ይባላል። ሁለተኛው «ቦሮው» ይባላል። ከመካከላችሁ «እኛ ገና የአማርኛውን ፊደል ለይተን መጨረሳችን ነው፤ እንግሊዝኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኛም መልስ አጭር ነው። ቃላቱ የእንግሊዝኛ ናቸው፤ ነገሩ ግን የእናንተው ነው። ነገሩ ብድርና ውሰት ነው። ብድርንና ውሰትን ደግሞ ከገበሬ የበለጠ ማን ያውቃል?

ልጆቻችን እነዚህን ቃላት ማወቅ አለባቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ወሰነ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አደረገ። ስለዚህ ልጁ በታችኛው ክፍል ያልለየው ቃል በላይኛው ክፍል ይጠብቀዋል። በእንግሊዝኛ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ በሒሳብም ይመጣበታል።

ምሳሌ እንስጥ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሒሳብ ጥያቄ አለ እንበል። አልማዝ 50 ብር ነበራት። ለከበደ 20 ብር አበደረችው። አሁን በእጇ ስንት ብር አለ? መልሱ 30 ብር ነው። «ሌንድ»ን «ቦሮው» አድርጎ የተረዳ ልጅ ግን አልማዝ የተበደረች መስሎት ይደምርና 70 ብር ይላል። ይህ ልጅ መደመርና መቀነስ አያውቅም እንዴ? ያውቃል። የጠፋበት ሌላ ነገር ነው። ማን እንደ ሰጠና ማን እንደ ተቀበለ አልለየም።

ልጆችን የሚያደናግራቸው ምንድን ነው?

በአማርኛ «አበደረ» እና «ተበደረ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። በጽሑፍ የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። «አ» ሲሆን ሰጠ ማለት ነው። «ተ» ሲሆን ተቀበለ ማለት ነው። ይህን ልጁ ማንም ሳያስተምረው ከእናቱ አፍ እየሰማ ያድጋል።

እንግሊዝኛው ግን እንዲህ አይደለም። «ሌንድ» እና «ቦሮው» በድምፅ አይመሳሰሉም። የሚመሳሰሉት በነገራቸው ነው። ሁለቱም የሚነገሩት ተመላሽ የሚሆን ነገር ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲሄድ ነው። ስለዚህ ልጁን «ሌንድ ምንድን ነው?» ብንለው «ብድር» ይላል። «ቦሮውስ?» ብንለው አሁንም «ብድር» ይላል። ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን የያዘው ግማሹን ብቻ ነው።

በክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ከጓደኛው ብዕር ሲፈልግ «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» ይላል። ማለት የፈለገው «ብዕርህን አውሰኝ» ነው። የተናገረው ግን «ብዕርህን ተዋሰኝ» እንደ ማለት ነው። ነገሩ ተገለበጠ። ትክክለኛው «ሌንድ ሚ ዩር ፔን» ነው፤ ብዕርህን አውሰኝ ማለት ነው። «ብዕርህን ልዋስ?» ብሎ ለመጠየቅ ከፈለገ ደግሞ «ሜይ አይ ቦሮው ዩር ፔን?» ይበል።

ሌላም ልዩነት አለ። እኛ መጥረቢያ ተዋስን እንላለን እንጂ ተበደርን አንልም። ምክንያቱም የምንመልሰው ያንኑ መጥረቢያ ነው። ጤፍ ሲሆን ግን ተበደርን እንላለን። የተበደርነውን ጤፍ ጋግረን በልተነዋል፤ የምንመልሰው ሌላ ጤፍ ነው። ምጣድ እንዋሳለን፤ ጨው እንበደራለን። ስለዚህ አማርኛ አራት ቃላት አሉት፦ አበደረ፣ ተበደረ፣ አዋሰ፣ ተዋሰ።

እንግሊዝኛው አራቱን በሁለቱ ቃላት ይጠቀልላቸዋል። ጤፍ ያበደረውም መጥረቢያ ያዋሰውም «ሌንድ» ነው። ጤፍ የተበደረውም መጥረቢያ የተዋሰውም «ቦሮው» ነው። ይህ ለልጁ ካልተነገረው «አንዱ ለገንዘብ ነው፣ አንዱ ለዕቃ ነው» ብሎ በራሱ ደንብ ያወጣና ይሳሳታል። እንግሊዝኛው በእነዚህ ሁለት ቃላት የሚጠይቀው ስለ ዕቃው ዓይነት አይደለም። የሚጠይቀው ስለ ሰዎቹ ነው። ከማን እጅ ወጣ? ወደ ማን እጅ ገባ?

እንግዲህ እንዴት እናስተምር?

አንደኛ፤ ሁለቱን ቃላት በአንድ ቀን አናስተምር። አንድ መልክ ያላቸው ሁለት ጥጆች በአንድ ቀን ከገበያ ቢመጡ እረኛው ይምታቱበታል። አንደኛው ቀድሞ መጥቶ ቢለምደው ግን ሁለተኛው ሲመጣ አይቸገርም። ቃልም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ «ሌንድ»ን ብቻ እናስይዝ። ጥቂት ቀን ይቆይ። ልጁ ሳያመነታ ሲለው ብቻ ወደ «ቦሮው» እንሂድ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

ሁለተኛ፤ ቃሉን ከእጅ ጋር እናያይዘው። አንድ ጣሳ ገብስ እናምጣ። ሁለት ልጆችን ፊት ለፊት እናቁም። ጣሳውን የያዘችው ልጅ እጇን ዘርግታ ስትሰጥ «ሌንድ» ትበል። በሌላ ቀን ደግሞ ተቀባዩ ጣሳውን ወደ ደረቱ ሲስብ «ቦሮው» ይበል። ከዚያም ቦታ ይለዋወጡ። ሰጪዋ ተቀባይ ትሁን፤ ተቀባዩም ሰጪ ይሁን። ጣሳው ያው ጣሳ ነው፤ ገብሱም ያው ገብስ ነው። የሄደው አንድ ጊዜ ነው። ቃሉ ግን ሁለት ነው፤ ሰዎቹ ሁለት ናቸውና። ልጁ ይህን በዓይኑ ካየ የትምህርቱን ግማሽ ጨረሰ ማለት ነው።

ገብሱ ስጦታ ሳይሆን ተመላሽ መሆኑንም አንርሳ። ስለዚህ ሁልጊዜ «ማን ይመልሳል?» ብለን እንጠይቅ። የሚመልሰው «ቦሮው» ያለው ነው።

ሦስተኛ፤ ከቃሉ ጋር የሚሄደውን ትንሽ ቃል እናስተምር። እኛ «ለአልማዝ አበደርኩ»፣ «ከአልማዝ ተበደርኩ» እንላለን። «ለ» ከማበደር ጋር፣ «ከ» ከመበደር ጋር ይሄዳል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። «ሌንድ» ከ«ቱ» ጋር ይሄዳል፤ «ቱ» የእኛ «ለ» ነው። «ቦሮው» ከ«ፍሮም» ጋር ይሄዳል፤ «ፍሮም» የእኛ «ከ» ነው። አስቀድመን እንዳየነው «ሌንድ ሚ» ሲባል ግን ተቀባዩ ወዲያው ከቃሉ ቀጥሎ ስለ መጣ «ቱ» ይቀራል። ልጁ በጽሑፍ ውስጥ «ፍሮም»ን ካየ ተበዳሪ መኖሩን ይጠርጥር፤ «ቱ»ን ካየ አበዳሪውን ይፈልግ።

የወላጅ ሥራ ምንድን ነው?

«እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ልጄን በምን ልርዳው?» አትበሉ። ማታ ልጁ ደብተሩን ሲያነብ አጠገቡ ተቀመጡና በአማርኛ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። ዕቃው ከማን እጅ ወጣ? የሚመልሰውስ ማን ነው? ልጁ እነዚህን ሁለቱን ከመለሰ ትክክለኛውን ቃል ራሱ ያገኘዋል። ጥያቄውን ለመጠየቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። የብድርን ነገር ማወቅ ይበቃል፤ እሱን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ልጁ ሲሳሳት አትቆጡት፤ «ደንቆሮ» አትበሉት። የተቆጡት ልጅ ይፈራል፤ የፈራ ልጅ ደግሞ አይጠይቅም። ጣሳውን አንሡና እንደገና አሳዩት። ሴት ልጅንም እንደ ወንዱ ጠይቁ። ውኃ ስትቀዳ ወይም እሳት ስትጭር አንድ ጊዜ «ጨው ከጎረቤት ብናመጣ እኛ ምን እንባላለን?» ብትሏት ትምህርት ነው።

ይህ ነገር የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የብድር ውል ስትፈርሙ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቃላት ታገኛላችሁ፦ «አበዳሪ» እና «ተበዳሪ»። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ነው። በዚያች አንድ ፊደል አንዱ ተቀባይ፣ ሌላው ከፋይ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር የበለጠ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ ወረቀቱ ዋጋ አለው። ዋጋ ያለው ወረቀት ደግሞ ሳይነበብ አይፈረምም። ስማችሁ ከየትኛው ቃል አጠገብ እንደ ተጻፈ ጣታችሁን አስቀምጣችሁ አንብቡ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ልጃችሁም እንዲያነበው ስጡት። አራት ዓይን ከሁለት ዓይን ይሻላል።

ዛሬ ጣሳውን ይዞ «ሌንድ»ንና «ቦሮው»ን የለየ ልጅ ነገ ወረቀቱ በአማርኛም ይጻፍ በእንግሊዝኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ማን ሰጠ? ማን ተቀበለ? ይህን ጥያቄ የለመደ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መጥረቢያ ተዋስን እንጂ ተበደርን የማንለው ለምንድን ነው?
2. አንዲት እናት ከጎረቤቷ ምጣድ ብትዋስ፣ በእንግሊዝኛ ጎረቤቷ ምን አደረገች ይባላል? እናትየዋስ?
3. «አበዳሪ» እና «ተበዳሪ» የሚሉትን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ። ከሚለያያቸው ፊደል ሥር መስመር አስምሩ።