የቤተሰብ ማዕድ ለትምህርት ቤት ሕፃናት
(ለሰበካ ጉባኤያት ተወካዮች ከቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ ይዞለት የሚወጣው ቤተሰብ ነው። ብዙዎቹ ሊቃውንት በመንደሩ እጅ ተመግበው ለወንበር በቅተዋል። ይህንኑ ልማድ በየአጥቢያችን በሚገኙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ችግረኛ ሕፃናት እንድናውለው እንጠይቃለን።

በሀገራችን የዓለም የምግብ ፕሮግራም የትምህርት ቤት ምገባን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ምገባውን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስፋፍቷል። ይሁን እንጂ ምገባው ያልደረሰባቸው አጥቢያዎች፣ በተለይም በገጠር፣ ብዙዎች ናቸው።

ጊዜውን እናስተውል። ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ነው። በአብዛኛው አርሶ አደር ቤት ግን በዚያን ጊዜ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራው ተሟጧል፤ የመኸሩ አዝመራም ገና በማሳ ላይ ነው። ሕፃኑ ደብተሩን በሚይዝበት ወር የእናቱ መሶብ ባዶ ነው። ያልበላ ልጅ በክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ ቀጥሎ አንድ ቀን ይቀራል፤ ከዚያም ሳምንት ይቀራል፤ በመጨረሻም ወደ እረኝነት ወይም ወደ ሰው ቤት ሥራ ይሄዳል። ስለዚህ እህሉን በችግሩ ወቅት ለመለመን ከመነሣት ይልቅ፣ አውድማ በሚወቃበትና ዋጋው በሚረክስበት በጥርና በየካቲት ሰብስበን፣ በሚገባ አድርቀን፣ ከእርጥበትና ከነቀዝ ጠብቀን ለመስከረም ብናቆየው ይሻላል።

ሥራው ሲከፋፈል ቀላል ነው። በወር 20 ያህል የትምህርት ቀናት አሉ። በአንድ አጥቢያ 40 ቤተሰቦች ተመዝግበው ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢሰለፉ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በወር አንድ ቀን ብቻ ነው። ቤተሰብ ስንል ግን እናቶችን ብቻ ማለታችን አይደለም። አባት ማገዶና ውኃ ያቅርብ፤ ወጣቶች ሕፃናቱን እጅ ያስታጥቡ፤ ትንንሾቹም ሳህን ያድሉ። ከወላጆቹ ጋር ሌላውን ያበላ ልጅ ምጽዋትን በቃል ብቻ ሳይሆን በእጁም ይማራል።

ምግቡ ንፍሮ፣ ቅንጬ፣ ወይም እንጀራ በሽሮ ቢሆን ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በሁሉም ቀን ይቀርባል፤ የየትኛውም እምነት ልጅም ያለ ሥጋት ይበላዋል። ማዕዱ ለሁሉም ነውና የማንም ሃይማኖት አይጠየቅ።

የሕፃናቱን ክብር እንጠብቅ። ምግቡ ለሁሉም ካልበቃ ከታችኞቹ ክፍሎች መጀመር ይገባል እንጂ፣ ድኻ የተባሉትን በስም ጠርቶ ማሰለፍ አይገባም። ሲበሉ ፎቶግራፍ ማንሣትም ይቅር። በመስከረም ተጀምሮ በጥቅምት የሚቋረጥ ማዕድ ተስፋን ሰጥቶ መንሣት ስለሆነ፣ አቅማችንን ለክተን እንነሣ።

ከእያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የምንጠብቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና ከወላጆች ኮሚቴ ጋር መምከር፤ ሁለተኛ፣ ፈቃደኛ ቤተሰቦችን መዝግቦ ተራ ማውጣት፤ ሦስተኛ፣ ደረቅ የእህል ማከማቻ መለየትና ገቢና ወጪውን በደረሰኝ የሚይዝ ታማኝ ሰው መመደብ።

በምድረ በዳ ለተራበው ሕዝብ የተባረከው አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ የአንድ ብላቴና ስንቅ ነበር። ከየቤታችን የሚወጣው ጥቂት ቢሆንም ጥቂት ነው ብለን አንያዘው። መስከረም ሳይደርስ እንሰናዳ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።