ሦስተኛውን ጀሶ ማን ያድርግ?

(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ አሥር ደቂቃ ነው። ባለፈው ጥር ከባቻችን ጥቂት ልጆች ሆነን ወደ ጋሞ ዞን ሕፃናትን ለማከም ስላደረግነው የሁለት ሳምንት ጉዞ ሁሉንም አልነግራችሁም። ፎቶው ኮሪደሩ ላይ ተለጥፏል፤ ከሻይ በኋላ እዩት። እኔ የማወራችሁ ስለ ጀሶ ነው።

አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሙቀቷን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። 37 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጥታችሁ ጨንቻ ስትደርሱ ግን 2,700 ሜትር አካባቢ ናችሁ፤ ጋቢ ያምራችኋል። ታች ወባና ቢልሃርዚያ፣ ላይ ሳልና የሳንባ ምች አየን። መድኃኒት ሰጠን፣ ጆሮ አጠብን፣ ቁስል አከምን። የቢልሃርዚያ ኪኒን የዋጠ ልጅ ነገ እዚያው ውኃ ውስጥ ገብቶ እንደሚዋኝ እናውቃለን፤ ቢሆንም መስጠቱ ከአለመስጠት ይሻላል።

ሰባተኛው ቀን ላይ አንዲት እናት ከጨንቻ በላይ ካለ ቀበሌ የሁለት ወር ሕፃን አዝላ መጣች። ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ የታጠፉ፣ ቆልማማ እግር የምንለው ነው። ደስ አለን፤ የአጥንት ሐኪም አብሮን ነበርና። ጀሶው ሲዘጋጅ ጋሞኛ እያስተረጎመልን የነበረው የጤና መኮንን ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ዶክተር፣ እናንተ ሁለት ጀሶ አድርጋችሁ ትሄዳላችሁ። ሦስተኛውን ማን ያድርግ?»

ከዚህ በፊት የመጣ አንድ ቡድን እንዲሁ ጀምሮ ሄዶ ነበር አሉ። ቤተሰብ ጀሶውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ፈታው፤ እግሩም ተመልሶ ታጠፈ።

በፖንሴቲ ዘዴ ጀሶው በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ። ከዚያ ለአብዛኞቹ የተረከዝ ጅማት በትንሹ ይቆረጥና ለሦስት ሳምንት የመጨረሻው ጀሶ ይታሰራል። ቀጥሎ በብረት የተያያዘ ጫማ አለ፤ ሦስት ወር ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ሲተኛ። ጫማው ከተተወ እግሩ ይመለሳል። እንግዲህ አስሉት! የእኛ ጉዞ 14 ቀን ነው።

የልብ ሕመሙም እንደዚያው ነው። ሪውማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ያስፈልገዋል። እኛ ስቴቶስኮፕ ይዘን መጥተን «ድምፅ አለው» ብንል መርፌውን የምትወጋው እዚያው ያለችው ነርስ ናት። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለውን የልብ ማዕከል አስቡ፤ እነ ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙለትን። የውጭ ቡድኖች ለዓመታት እየመጡ ቀዶ ሕክምና አደረጉ፤ ነገር ግን እየመጡ የሄዱት ወደ አንድ ቤት ነው፤ አጠገባቸውም የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ዛሬ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

እኛ ደግሞ ቲቲፒ የወጣን ልጆች ነን። አጋሮና አሰንዳቦ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ከነርሱም፣ ከላቦራቶሪውም፣ ከሳኒታሪያኑም ጋር ነበር። ዶክተር ብቻውን ሠርቶ የሚመለስበትን ነገር ማን አስተማረን?

የጨንቻን ፖም ሁላችሁም በልታችኋል። ሚስዮናውያን ያመጡት ተክል ነው፤ ዛሬ ድረስ ያለው ግን ገበሬው ማዳቀሉን ስለተማረ ነው።

ሕፃኑን በተመለከተ፣ ጀሶውን ያሰረው የጤና መኮንኑ ነው፤ የአጥንት ሐኪማችን እጁን ይዞ እያሳየው። ለሁለተኛው ሐኪሙ ቆሞ አየ። ከዚያ በኋላ ያሉትን በስልክ ፎቶ እየላከልን ጨረሰ። ጅማቱን ለማስቆረጥ እናትና ልጅ አዲስ አበባ ወደ ኪዩር ሆስፒታል ሄዱ፤ ትራንስፖርቱን አዋጥተን ከፈልን። እናትየው በየሳምንቱ ከቀበሌዋ ስትመላለስ ሙሉ የገበያ ቀኗን ነበር የምታጣው፤ ይኼን የትኛውም ሪፖርታችን ላይ አልጻፍነውም።

ከሰዓት በኋላ የሚቀጥለው ጉዞ ቦታ ይመረጣል። አዲስ ቦታ እንይ የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እኔ ጨንቻ ይሁን እላለሁ፣ ቢያንስ አራት ዓመት። ከበጀቱም ግማሹ ለአውሮፕላን ትኬት መሆኑ ይቅርና ለሁለት ነርሶች ሥልጠናና ለእናቶች ትራንስፖርት ይሁን። ከውጭ የምትመጡ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ካለ የሕፃናቱን ጫማ በየቁጥሩ አምጡልን፤ ዝርዝሩ እኔ ጋ አለ።